እናቱ ሌላ ሰፈር ያለች ስብከት

ዲንቄ በርበሬ ስትቀነጥስ ሁለቱንም እጇን በፌስታል ጠቅልላ አንጓዋ ላይ በላስቲክ ታስራለች። የጎማ ጓንት ሞክራ ነበር፤ ጣቶቼን አላበኝ ብላ ተወችው። ዛላውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ በቀኟ ጭራውን ቀጭ ታደርጋለች፤ ዛላው ወደ ሰፌዱ፣ ጭራው ወደ ሳፋው። የሻገተ ካገኘች ታሸተዋለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ከኋላዋ ወዳለው ባልዲ ሳታይ ትወረውረዋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከሻሿ ሥር አንድ ቀጭን ሽቦ ወርዶ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ይገባል። ግራ ጆሮዋ ለእኛ ለጎረቤቶቿ ክፍት ነው። ቀኝ ጆሮዋ ስብከት ላይ ነው።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊት ነው። እሷ ለባልትና ሱቆች በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፤ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጥልፌን እጠልፋለሁ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን እሷ ነግራኛለች፤ ዲንቄ ደግሞ ነገር ስታወራ ቆርጣ አታስቀርም። የንስሐውን ነገር እንኳ፣ «እሱን ልዝለለው» ስላት፣ «ዋናው እሱ አይደል እንዴ» አለችኝ።

ስለ ስልኩ አንድ ደንብ አለ። እጇ በርበሬ ከነካ በኋላ ስልኩ አይነካም። ስብከቱን ጀምራ ነው ሥራ የምትጀምረው፤ ከዚያ የማዳበሪያው በርበሬ እስኪያልቅ የመጣውን መስማት ነው። ደንቡ የወጣው በባሏ በደበላ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ረስታ ስልኩን በዚያው እጇ ነካክታ ኖሮ፣ ደበላ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከወንድሙ ጋር ረጅም ወሬ አወራ። ጆሮው ቀልቶ አብጦ ወደ ጥበቃ ሥራው ሲሄድ የመጋዘኑ ኃላፊ ማን እንደመታው ጠየቀው። «ሚስቴ» አለ ደበላ። ውሸትም አልነበረም።

ዲንቄ አገሯ እዚሁ ነው። ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «የአባቴ የከብት በረት እዚያ ትራንስፎርመሩ ጋ ነበር» ትላለች። እናቷ መንደሩ ውስጥ ሰው ሲጣላ የምትጠራ ሴት ነበረች። ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ እሷ መጥታ መሀላቸው ትቀመጣለች፣ ብዙም አትናገርም፣ ሰዎቹ ግን ታርቀው ይነሣሉ። ዲንቄ ይህን እያየች አደገች፤ ግን አልወረሰችውም። ትምህርቷን ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ታነባለች፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው።

«እናቴ አንድ ፊደል ሳታውቅ አገር ታስታርቅ ነበር» ትለኛለች። «እኔ አንብቤም ከደበላ ጋር የተጣላሁትን መጨረስ አልቻልኩም።»

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልያለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ጸሎቷን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጌታዬ ሆይ፣ ጥበብ ስጠኝ። ብዙ አልፈልግም፤ ለጎረቤት የሚበቃ።»

ከጸሎቱ በተጨማሪ ደግሞ ስብከት አለ። ስብከቱ የሚገኘው ከሀይረዲን ሱቅ ነው። ሀይረዲን የወሎ ልጅ ነው፤ የግቢው መግቢያ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ የስልክ ልብስ ይሸጣል፣ ሰው ሚሞሪ ሲያመጣለት የፈለገውን ይጭናል። ለእናቱ ወገኖች መንዙማ፣ ለታክሲ ረዳቶች ዘፈን፣ ለዲንቄ ስብከት። ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሚሠራው። የጫነውን ነገር ጥራቱን ለማየት ትንሽ ያዳምጣል፤ ከዚህ የተነሣ ስለ ሰባኪዎች የራሱ አስተያየት አለው።

«እትዬ ዲንቄ፣ ይሄኛውን አልጫንኩልሽም» ይላታል። «ይጮሃል። ቁም ነገር የለውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ረጋ ያለ ነው፤ እኔ ራሴ ሥራ ፈትቼ ሰማሁት።»

«አንተ ምኑን አውቀህ?» ትለዋለች።

«ረጋ ማለትን አውቃለሁ።»

እንዲህ ባለ መንገድ ዲንቄ ብዙ ሰማች። ማኅበር ላይ ግን ዝም ናት። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ጽዋ እንጠጣለን፤ ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ዳሲቱ ናት። ዳሲቱ ቀበሌ ውስጥ ስትሠራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፣ አሁንም ስትናገር ማኅተም ልትመታብን የምትዘጋጅ ትመስላለች። እሷ ባለችበት ዲንቄ ትሸማቀቃለች። አማርኛዋ መሀል ኦሮምኛ ጣል ስታደርግ ዳሲቱ ፈገግ ትላለች፤ ዲንቄ ያንን ፈገግታ አትወደውም።

ጸቡ የተነሣው ጽዋው ዲንቄ ቤት የነበረ ዕለት ነው። ሳምራ የምትባል አባላችን ልጇ ኮዬ ፈጬ ቤት ስለደረሰው አብራው ሄዳለች፤ ለማኅበር ግን በሚኒባስ እየተመላለሰች አልቀረችም። ቀጣዩ ወር ተራው የእሷ ነበር።

ዳሲቱ ዳቦውን እየቆረሰች፣ «ሳምራን እንዝለላት» አለች። «ኮዬ ድረስ ማን ይሄዳል? ቄሱስ እንዴት ይደርሳሉ? እኔ ቤት ይሁን።»

«እኔ ስመጣ መንገዱ ቅርብ ነው፣ እናንተ ስትመጡ ሩቅ ሆነ?» አለች ሳምራ።

«ለአንቺው ብዬ ነው። ወጪው ይቀርልሻል።»

«ጽዋ ወጪ ነው ብሎ የነገረሽ ማነው?»

ዳሲቱ የጽዋውን ማሰሮ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ሳምራም በጆሮው ያዘችው። ሁለቱም ነጠላቸውን በአግባቡ እንዳጣፉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ማሰሮውን ወዲያና ወዲህ ይጎትቱ ጀመር። እኛም የምናየውን እያየን ዳቦአችንን በላን።

ያን ጊዜ ዲንቄ ተናገረች። ምድጃው አጠገብ እንደ ቆመች፣ ከእኛ ይልቅ ለድስቱ የምትነግረው ይመስል ነበር።

«ሰሎሞን ጥበብ ለመነ» አለች። «ሰጠሁህ ተባለ። ነቃ። እንደነቃ ምን መጣለት? መጽሐፍ የያዘ ሰው አልመጣም። ሊቅ አልመጣም። ደጁ የመጡት አንድ ሕፃን የሚጓተቱ ሁለት ሴቶች ናቸው። እግዚአብሔር ጥበብ ሲሰጥ በጸብ ጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ጸቡን ያልተቀበለ ሰው ውስጡ ያለውን አያገኝም።»

ሳምራ እጇን ከማሰሮው ላይ አነሣች። «ውሰጂው» አለች ለዳሲቱ፣ ቀስ ብላ። ዳሲቱ ማሰሮውን ታቅፋ ቀረች። ሁላችንም አየናት። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም፤ ማሰሮውን የለቀቀችው የትኛዋ እንደሆነች፣ ያልለቀቀችውም የትኛዋ እንደሆነች ሁሉም አየ። ዳሲቱ ፊቷ ቀላ። «ኮዬ ፈጬ እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ። «ሚኒባስ ይያዝ።»

በዚህ መሀል በር ላይ የሚያለከልክ ሰው ሰማን። የማኅበራችን አባት፣ የዲንቄም የንስሐ አባት፣ መምሬ ቀናው ናቸው። አራት ፎቅ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ይህን ከየት አገኘሽው?» አሏት።

ዲንቄ ደነገጠች። «ከጆሮዬ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ፣ ነገሩም በሳቅ አለፈ።

ስለ መምሬ ቀናው ትንሽ ልናገር። ቅዳሴያቸው አጥንት ያለሰልሳል፤ እሳቸው ሲቀድሱ ለመስማት ከሳሪስ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። ስብከት ላይ ግን አልተሰጣቸውም። ድምፃቸው ወደ ሆዳቸው ይመለሳል። የጀመሩትን ነገር በሌላ ነገር ያስረዳሉ፣ ያንንም በሦስተኛ። እሳቸው ዐውደ ምሕረት ላይ ሲቆሙ እናቶች ልጆቻቸውን ማጥባት፣ ሽማግሌዎች ማንቀላፋት፣ ወጣቶች ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። እሳቸውም ያዩታል። በቅርብ ጊዜ ከሌላ ደብር ወጣት ሰባኪዎች በግብዣ መምጣት ጀምረው ነበር፤ ማይክራፎኑን ከመቆሚያው ነቅለው እየተንጎራደዱ ያስተምራሉ። ያን ጊዜ መምሬ ቀናው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ።

ከማኅበሩ በኋላ በመጣው እሑድ የተጋበዘው ወጣት ሰባኪ ቀረና መምሬ ቀናው ተነሡ። ስለ ሰሎሞን ጀመሩ። አጠገቤ ያለችው ዲንቄ ክርኔን ጨበጠች። «ጸቡን ያልተቀበለ ሰው ውስጡ ያለውን አያገኝም» ብለው ሲጨርሱ እልልታው የተነሣው ከሴቶች በኩል ነበር፤ ቀጥሎ ጭብጨባ። መምሬ ቀናው መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፣ ለሌላ ሰው የተጨበጨበ መስሏቸው። ከዚያ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከቅጥሩ ሲወጡ ሰው እየተሻማ መስቀላቸውን ተሳለመ፤ «አባታችን፣ ዛሬ መገቡን» ይላል።

ዲንቄ ደረጃችንን ስትወጣ ወጣት መስላ ነበር። «የእኔን ቃል» አለችኝ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ፣ «ድምፃቸው እንኳ እንዴት እንዳማረ!»

በማግስቱ መምሬ ቀናው ጸበል ሊረጩ መጡ፤ ሰኞ ለጸበል መጥተው አያውቁም። ቤቱን ረጩ፣ በርበሬውን ረጩ፣ ማስነጠስ ያዛቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ወለተ ሥላሴ» አሏት በክርስትና ስሟ። «የዚያ ነገር ቀጣይ የለውም? የንግሡ ዕለት አንተ አስተምር ብለውኛል። ከቃሊቲም ከሳሪስም ሰው ይመጣል።»

«ይኖረዋል አባቴ። አመጣልዎታለሁ።»

እኔ በበኩሌ እንደ ያን ዕለት ቀለል ብለው ደረጃ ሲወርዱ አይቻቸው አላውቅም።

ዲንቄ እጇን ሦስቴ ታጠበች፣ ስልኩን ይዛ ሀይረዲን ጋ ወረደች። እኔም ክር ልገዛ አብሬ ወረድኩ።

«ያ የሰሎሞኑ» አለችው። «ከመሀል ይጀምርና ሳያልቅ ይቆማል። ሙሉውን ፈልግልኝ።»

ሀይረዲን ኮምፒውተሩን ጎርጎር ጎርጎር አደረገና፣ «ይሄ ነው፤ ያ ቁራጩ ነበር፣ ሙሉው እዚህ አለ» ብሎ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው።

መጀመሪያ የወጣው ኪቦርድ ነው። ቀጥሎ ከበሮ፣ የእኛ ከበሮ ያልሆነ። ከዚያ ብዙ ሕዝብ «ሃሌሉያ» አለ። ከዚያ ያ የምናውቀው የረጋ ድምፅ መጣ፤ አንድ ሰውም «አሁን ፓስተራችን የጌታን ቃል ያካፍሉናል» ብሎ አስተዋወቀው።

ዲንቄ መደርደሪያው ላይ ያለውን የስልክ ልብስ ያዘች። «ዝጋው» አለች።

ሀይረዲን ዘጋው። «ምነው እትዬ? ጥራቱ መጥፎ ነው?»

«ይሄ የእኛ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?» አለና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። እንግዲህ ስሕተቱ ያለው እዚያ ነበር። ሀይረዲን ሥራውን በሥርዓት ነው የሚያስቀምጠው፤ ለመንዙማ አንድ ፎልደር፣ ለዘፈን አንድ ፎልደር፣ እና «የክርስቲያን» የሚል አንድ ፎልደር። አንድ ብቻ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እዚያ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

«ለኔ ሁላችሁም የክርስቲያን ናችሁ» አለ፤ ቅር ብሎት ነበር። «መስቀል የምትስሙት የትኞቹ፣ እጅ የምትዘረጉት የትኞቹ እንደሆናችሁ ከድምፅ እንዴት ልለየው? ወላሂ ረጋ ያለ ነው ብዬ ነው።»

«ረጋ ያለ ነው» አለች ዲንቄ። ድምፅዋ እንባ እንባ ይል ነበር። «እሱ ነው የገደለኝ።»

ማታ ደበላ ከሥራ ሲመለስ ነገረችው። ደበላ ጫማውን እያወለቀ ሰማ። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነበር።

«ያ ዲንቄ» አላት፤ ሲያባብላት በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራት። «ቀጣዩን ስጫቸው። እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ ሕዝቡ ደስ ይለዋል፣ አንቺም ደስ ይልሻል። ማን ያውቃል?»

«የሰማ ሰው ያውቃል። ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ አይደል የሚውለው? አንዱ ንግሥ ላይ ቆሞ ይሰማና ይሄ የእገሌ ነው ቢልስ? በድምፅ ማጉያ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? እሳቸው ያን ቀን ይሞታሉ።»

«እንግዲያው ንገሪያቸው።»

«ብነግራቸውስ? አንድ ጊዜ ነው እኮ የተጨበጨበላቸው፤ እሱንም ልቀማቸው? ማል ጎና? ምን ይሻላል ደበላ?»

ደበላ አሰበ። «እናትሽ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«መሀል ትቀመጥ ነበር።»

«ተቀመጪያ» አለና እግሩን ሊታጠብ ሄደ።

ዲንቄ ሁለት ቀን በርበሬ ቀነጠሰች፣ ሽቦ ጆሮዋ ላይ ሳይኖር። ሁለቱም ጆሮዋ ለእኛ ክፍት ሆኖ አንድም የምንላትን አልሰማችም። በሦስተኛው ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

መምሬ ቀናው ከጽዱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ይዘዋል። ለንግሡ እየተዘጋጁ መሆኑ ያስታውቃል።

«አባቴ፣ ኃጢአት አለብኝ።»

«ዛሬ ደግሞ የማንን ስም አነሣሽ?» አሉ፣ የልማዷን ስለሚያውቁ።

«የማንንም አላነሣሁም። ስብከት ነው።»

«ስብከት ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እርስዎ ከሰበኩት ወዲህ» አለች፤ ካለች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሁሉንም አወራችላቸው፤ ሀይረዲንን፣ ፎልደሩን፣ ኪቦርዱን፣ ፓስተሩን።

መምሬ ቀናው ወረቀቱን አጠፉት። መልሰው ዘረጉት። በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ፣ በጫማቸው አጠፉት።

«ኪቦርድም አለው?» አሉ።

«አለው።»

«ይህን የሚያውቅ ማነው?»

«እኔና ሀይረዲን። ደበላ። ፊት ለፊት ያለችውም ሰምታለች።»

«ግማሽ ገላን ያውቃል በይኛ።»

«ጎረቤቴ አታወራም» አለች ዲንቄ። ለዚህ አመሰግናታለሁ፤ ልጽፈው እንደምችል ግን ያን ጊዜ አልገመተችም።

መምሬ ቀናው ፊታቸው አርጅቶ ነበር አለችኝ፤ ዕድሜያቸው ከማኅበሩ በር ላይ እስከዚያ ጽድ ድረስ የጨመረ ይመስል። ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ቀጣይ» ብለው ጽፈው ከሥሩ ባዶ ቦታ ትተው ነበር።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ። «ሁለቱ ሴቶች እኮ እኔና አንቺ ነን።»

«እንዴት አባቴ?»

«አንቺ የእኔ ነው ብለሽ ማኅበር ላይ ታቀፍሽው። ከየት ነው ስልሽ ከጆሮዬ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ከአንቺ ነጥቄ የእኔ ነው ብዬ ዐውደ ምሕረት ላይ ታቀፍኩት። እንጓተታለን፤ እናቱ ግን ሌላ ሰፈር ናት።»

ዲንቄ ማልቀስ ነበረባት። ሳቅ ግን ቀደማት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መምሬ ቀናው እየተቆጡ ያይዋት ጀመር፤ ከዚያ ጢማቸው ከሥሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ በኩል የምታልፍ አንዲት ሴት ሁለቱን አይታ፣ ምን ዓይነት ንስሐ ነው በሚል ፊት ሁለት ጊዜ አማተበች።

ሳቁ ሲያበቃ መምሬ ቀናው ዓይናቸውን ጠረጉ። «በርበሬ ስትገዢ ዝም ብለሽ ትገዣለሽ?»

«አልገዛም። ማረቆ ነው አላባ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ነው አምና ነው እላለሁ። ሰብሬ ፍሬውን አያለሁ።»

«ለሆድ የሚገባውን እንዲህ ከጠየቅሽ ለነፍስ የሚገባውን ለምን አልጠየቅሽም? ቃሉ መልካም ነው፤ ክፉ ነው አላልኩሽም። ሰው ግን ጥበብ ሲራብ የቀረበለትን ሁሉ ይጎርሳል። አንቺ ተርበሽ ነበር።» ወረቀታቸውን አዩ። «እኔም ተርቤ ነበር፤ የእኔው ግን የጭብጨባ ነው። የእኔ ይብሳል።»

«ታዲያ ንግሡስ አባቴ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው። አንቺ አርባ ስግደት ስገጂ። ያንን ነገር ደግሞ ልጁ ጋ ወስደሽ ከስልክሽ አስጠፊው። ፎልደሩንም ይለይልሽ።»

የንግሡ ዕለት ቅጥሩ ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዲንቄ ከፊት ተቀመጠች፤ እጇን አይቼው ነበር፣ የነጠላዋን ጥለት ትቀነጥሳለች። ዳሲቱ አጠገባችን ሆና፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ያሰሙን ይሆን» ትላለች። መምሬ ቀናው ማይክራፎኑ ፊት ቆሙ። ወረቀት አልያዙም።

«ባለፈው የነገርኳችሁ ቃል የእኔ አልነበረም» አሉ። «ከሰው ሰምቼ፣ ከየት መጣ ብዬ ሳልጠይቅ፣ እንደ ራሴ አድርጌ ሰጠኋችሁ። ከእኛም ቤት የወጣ ቃል አልነበረም። ያጨበጨባችሁት ለሰው ገንዘብ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አጥሩ ላይ ያለ አንድ ሰው አሳለ።

«ዛሬ የራሴን እነግራችኋለሁ። የራሴ አጭር ነው። ሰሎሞን ፊት የቆመችው እናት የታወቀችው ብዙ በመናገሯ አይደለም። የእኔ ነው ማለቱን በመተዋ ነው። ጥበብን ስንፈልግ የምንይዘውን እናስባለን። የምንተወው እንዳለ አናስብም። ይኸው ነው።»

ብለው ተቀመጡ። ማይክራፎኑ ጋ የቆመው ዲያቆን ገና ሽቦውን እያስተካከለ ነበር፤ መጨረሳቸውን አላወቀም። ማንም አልተኛም፤ ለነገሩ ለመተኛትም ጊዜ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «አሜን» አለ፣ ሌላውም ተከተለ። ዲንቄ ስታለቅስ አየኋት።

ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ጫማችንን ስንፈልግ፣ «አጭር ነበር» አለች ዳሲቱ። ጫማዋን አደረገች። «ግን ዛሬ ገባኝ።»

በሃያ አንድ ኮዬ ፈጬ ሄድን። ሳምራ ቤት ገና ቀለም ቀለም ይላል፤ መጋረጃ እንኳ አልተሰቀለም። ዲንቄ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥታ ቆመች፣ ያለ ድስት፣ ያለ ምድጃ፣ ለእኛው። «ያ ያልኳችሁ ነገር» አለች፣ «ከራሴ አልነበረም።» ከየት እንደሆነ ነገረችን።

ሴቶቹ ተያዩ። «ጴንጤ?» አለች አንዷ።

«ለእኔስ የማንም ይሁን፣ ጽዋዬን አስመልሶልኛል» አለች ሳምራ።

ሁላችንም ዳሲቱን አየን። እንደ ሙሴነቷ የምትለውን ነበር የምንጠብቀው። ዳሲቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቃሉ የሌላ ሰው ነው ቢባልም፣ ማሰሮውን የጎተትኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱን ማንም አልሰበከልኝም። ዲንቄ፣ ተቀመጪ፣ ወይም ደግሞ ዳቦውን አንቺ ቁረሺ።»

ዲንቄ ቆረሰች። ስታከፋፍል መሀል መሀል ኦሮምኛ ጣል አደረገች፣ ዳሲቱም ፈገግ አለች፤ ያ የድሮው ፈገግታ ይሁን ሌላ እስካሁን አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ወጣት ሰባኪዎቹ መምጣታቸው አልቀረም። መምሬ ቀናውም አንዳንድ እሑድ ይነሣሉ፣ አጭር አድርገው ይቀመጣሉ። ሀይረዲን «የክርስቲያን» የሚለውን ፎልደር ለሁለት ከፍሎታል፤ አንዱን «በከበሮ»፣ ሌላውን «በኪቦርድ» ብሎ ሰይሞታል። ዲንቄ አሁን ከመጫኑ በፊት ማነው፣ የየት ደብር ነው፣ ማን አስተማረው እያለች ትጠይቃለች፤ ሀይረዲን «እትዬ፣ መታወቂያቸውን ላምጣልሽ?» ይላታል።

አርባውን ስግደት ጨርሳለች፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሰምቻለሁ። መምሬ ቀናው በየመጡበት «አስጠፋሽው?» ይሏታል፤ እሷም «በዚህ ሳምንት አባቴ» ትላለች፤ እሳቸውም አጥብቀው አይጠይቁም። ባለፈው ሐሙስ ለዚሁ ጉዳይ አብረን ወረድን። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች። ሱቁ ጋ ስንደርስ ቆም ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ዛሬ ሰው በዝቶበታል፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለችኝ።

ሀይረዲን ብቻውን ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጥ ነበር።